ከመፈረምሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። አክስትሽ እሑድ ዕለት ስልኳን ከፍታ ለአንዲት አሮጊት ብር ስትሰጪ የተቀረጸውን አሳየችኝ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሲሸፍኑ ካሜራው አልተመለሰም። አክስትሽ እልል አለች፤ እኔ ግን አፈርሁ።

ለድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ ሊያስፈርሙሽ መሆኑንም ነግራኛለች፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ማን እንደተቀነሰ ጠይቂ።

ስታር ትሬክ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ጆሮው ሾል ያለውን ስፖክን የተጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ ትዝ ይልሻል? በ1973 እ.ኤ.አ. ድራማው በካርቱን ሲዘጋጅ፣ አዘጋጆቹ ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ አብረውት ይተውኑ የነበሩትን ጥቁሯን ኒሼል ኒኮልስንና የጃፓን ዝርያ ያለውን ጆርጅ ታኬይን ትተው ድምፃቸውን ሌሎች እንዲሠሩት አስበው ነበር። ኒሞይ እነርሱ ከሌሉበት እኔም የለሁበትም አለ፤ ያለ እርሱ ሥራው ስለማይሆን ሁለቱም ገቡ። ሌላው የድራማው ተዋናይ ዋልተር ኬኒግ ግን እንደተቀነሰ ቀረ፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሁሉን ያስተካክላል አልልሽም። ኒሞይ የሰጣቸው ገንዘብ አልነበረም፤ እንደሚፈልጉት ያውቅ ነበር፣ ያንን ተጠቀመበት። አንቺንም አሁን ይፈልጉሻል። ይህ ደግሞ ብዙ አይቆይም።

የክርስትና እናትሽ ቤታችን መምጣት ለምን እንዳቆመች ልጅ ሳለሽ ስትጠይቂኝ፣ ሥራ በዝቶባት ነው እልሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። አብረን አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ስንለማመድ ከርመን፣ ውል የምንፈራረም ዕለት አዘጋጁ በረንዳ ላይ ጠርቶ እርሷ እንደማትቀጥል ሹክ አለኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ እኔ ነበርሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ይሰሙኝ ነበር። የቤት ኪራይ ሦስት ወር ነበረብን፤ አንቺም ገና ጡት አልጣልሽም ነበር። ገብቼ ፈረምሁ። የፈረምሁበት እስክሪብቶ፣ ቃለ ተውኔቴን እንዳሰምርበት ጠዋት ያዋሰችኝ የእርሷ ነበር። አልመለስሁላትም።

ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቢ፤ ቅጂውን ሳትቀበዪ አትውጪ። ከመፈረምሽ በፊት ማን እንደቀረ ጠይቂ፤ የምትናገሪ ከሆነም በር ተዘግቶ ይሁን።

ከአጎትሽ ልጅ ጋር አምስት ኪሎ ቡናና በርበሬ ልኬልሻለሁ። በርበሬው ለአንቺ ነው፤ በፌስታል አታቆዪው። ቡናውን ለክርስትና እናትሽ አድርሺላት፣ አባቴ ላከው ግን አትበያት። ፎቶም እንዳታነሺ።

አባትሽ