ቦቴው ሲገለበጥ ኪሳራውን ማን ይክፈል?

ሰላም አዘጋጅ፣ ከኮምቦልቻ ነው። ባለፈው ክረምት ቦርከና ወንዝ ዳር ከማሳችን ከፍ ብሎ የነዳጅ ቦቴ ተገልብጦ ናፍጣው በቦዩ ወርዶ ጎመኑንም ቃሪያውንም ጨረሰው፣ ቅጠሉን ስትነካው እጅ ላይ ያሟልጫል፣ ሽታውማ ተዉት። የቦቴው ባለቤት "ሹፌሩን ጠይቂ" አለኝ እኮ! ሹፌሩ ምስኪን ምን አለው? የፍትሐብሔር ህጉ ቁጥር 2081 ግን ሌላ ሰው ቢነዳውም የመኪናው ባለቤት ነው ተጠያቂው ይላል፣ ክሱ ደሞ በ2 አመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እኔ የሽያጭ ደብተር ስላልያዝኩ ያጣሁትን ገቢ ማስረዳት አቅቶኝ ተቃጠልኩ፣ እናንተ ፎቶም ደረሰኝም ያዙ።

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት የነዳጅ ብክለት ህግ ንብረቱ ያልተነካ ሰው እንኳ ገቢው ከቀረበት መጠየቅ ይችላል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ ነዳጅ ሲፈስ የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ 20 ቢሊዮን ዶላር ሊመድብ ተስማምቶ አሳ አጥማጁም የባህር ዳር ሆቴሉም ካሳ ጠይቋል። እኛ ጋ ግን ከኔ ጎመን ወስዳ ደሴ የምትቸረችረው ልጅ ወር ሙሉ ባዶ ዘንቢል ይዛ ስትቀመጥ ማን ጠየቃት?