እሳቱ ያን ቀንም ያቃጥል ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በደብዳቤ ዓምዳችሁ «እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ከሆነ የተፈጥሮ ሕግ አያግደውም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እውነት ነው፣ አያግደውም። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ያመነ ሰው በሕጉ አይጨነቅ» ማለታቸው ግን አልተዋጠልኝም።

እኔ ሀዋሳ ውስጥ የግንባታ ፎርማን ነኝ። አርማታ ከሞላን በኋላ ለቀናት ውሃ እናጠጣዋለን። ብዙ ሰው ደርቆ የሚጠነክር ይመስለዋል። የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ጥንካሬውም የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። የጸለየም ያልጸለየም ባለቤት ያንኑ 28 ቀን ይጠብቃል። ይህ ለእኔ ከእግዚአብሔር ውጭ የቆመ ሕግ አይደለም፤ የራሱ ቃል ነው። በኤርምያስ 33፥25 የሰማይና የምድርን ሥርዓት ያደረገው እሱ እንደሆነ ይናገራል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ «ራሱን ሊክድ አይችልም» ብሎ ጽፎለታል። ቃሉን አለማጠፉ ድካም ነው እንዴ? የምንተማመንበት እኮ በዚሁ ነው!

ተአምር የለም አላልኩም። ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ለማንገሥ ከሚወጣው ሕዝብ አንዱ ነኝ። ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳቱ በሕይወት መውጣታቸውን አምናለሁ። ግን ዳንኤል 3፥22ን አንብቡት። ወደ እቶኑ የጣሏቸውን ሰዎች ነበልባሉ ገደላቸው። በዚያችው ሰዓት፣ በዚያው እቶን! እሳቱ እሳትነቱን ትቶ ቢሆን ኖሮ ተአምሩ ምኑ ላይ ነው?

ይህን የምጽፈው ነገሩ ሰው ስለሚገድል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ የቆመ ልጅ ቀበቶ እሰር ስለው ማተቡን ከሸሚዙ አውጥቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ እሱ ይጠብቀኛል» አለኝ። ከ9 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ አይፈጅበትም። ሰይጣንም ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ያነሡሃል ነው ያለው። ጌታ አልወረወረም።

ዘዳግም 22፥8 ላይ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ የደም በደል እንዳያመጣበት፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። «እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ ቀበቶ የማይገዙ አሠሪዎችም ይህን ይስሙ።

የከተማችን ሰባክያን፣ እባካችሁ ይህችን ጥቅስ ዐውደ ምሕረት ላይ አንብቡልን። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

አንድ የግንባታ ፎርማን፣ ከሀዋሳ