«ብላክ ዶግ»ን ያመጣው ጊታሪስቱ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ሮክ በአማርኛ ተጽፎ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ግን ዘፋኙ ተወራለት፣ ጊታሪስቱ ተወራለት፣ ድራመሩም ሁለት ሦስት መስመር ደረሰው። የአራተኛው ሰው ስሙ እንኳ የለም። ይባስ ብሎ «ብላክ ዶግ» የተባለው ዘፈናቸው ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣው አጭር የመሣሪያ ዜማ፣ የጊታሪስቱ የጂሚ ፔጅ ፈጠራ ነው ተብሏል። አይደለም። ጊታር ተማሪ ሁሉ የሚለማመደውን ያንን ሪፍ ይዞ የመጣው የባንዱ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር) ተጫዋች ጆን ፖል ጆንስ ነው። ዘፈኑ የወጣው በ1971 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔም ቤዝ ተጫዋች ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በአዲስ አበባ ሆቴሎችና ሠርግ አዳራሾች ተጫውቻለሁ። አሁን ቤቴ ውስጥ ልጆች አስተምራለሁ። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል።

ልጅ ሆኜ ሮክ የሰማሁት በታላቅ ወንድሜ ቴፕ ነው። የቴፑ ስፒከር ከቡና ሲኒ አፍ አይሰፋም ነበር። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ስለዚህ ስንት ዓመት ሙሉ ሙዚቃውን ሳይሆን የሙዚቃውን ግማሽ ነበር የምሰማው። አንድ ክረምት ከጎረቤት ማዳመጫ ተውሼ የሌድ ዜፕሊንን «ራምብል ኦን» ከፈትኩ። በ1969 የወጣ ነው። ጊታሩ ከላይ በቀስታ ይሄዳል። ከስር ደግሞ ሌላ ዜማ አለ። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ይመልስለታል። ወንድሜን ጠርቼ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለትና «ይሄ ማነው?» አልኩት። አላወቀም። ካሴቱ የተቀዳ ስለነበር ሽፋን የለውም። የዚያን ሰው ስም ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ጆንስ በ14 ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር። ሌድ ዜፕሊን ከመመሥረቱ በፊት የለንደን ስቱዲዮዎች የሚፈልጉት አቀናባሪ ነበር። ሮሊንግ ስቶንስ በ1967 ባወጡት «ሺ ኢዝ ኤ ሬንቦው» ላይ የሚሰሙትን ቫዮሊኖች ያቀናበረው እሱ ነው። በባንዱ ውስጥ ቤዝም፣ ኪቦርድም፣ ማንዶሊንም ይጫወታል። በ1994 ግን ፔጅና ዘፋኙ ሮበርት ፕላንት እንደገና ሲጣመሩ እሱን አልጠሩትም። ለአልበማቸው የሰጡት ስም እንኳ «ኖ ኳርተር» ነው፤ መድረክ ላይ የጆንስ ኪቦርድ ከሚነግሥባቸው ዘፈኖች አንዱ። በዓመቱ ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ጆንስ መድረክ ላይ ወጥቶ ጓደኞቹን አመሰገነ። በመጨረሻ ስልክ ቁጥሩን ስላስታወሱት። ያንን ንግግር በቪዲዮ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሠርግ ላይ ሰዎች «አንተ ያችን ዱም ዱም የምታደርጋት ነህ አይደል?» ይሉኝ ነበር። በክፋት አይደለም። ቤዝ ምን እንደሚሠራ የነገራቸው ስለሌለ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጊታሪስቱ ሲ ሜጀር የሚባለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይያዝ። እጁን አያንቀሳቅስ። እኔ ከስር ሲ ብመታ ኮርዱ ብሩህ ሆኖ ይሰማል። ኤ ብመታ ግን ያው ኮርድ ኤ ማይነር ሰቨን ይሆናል፤ ዘፈኑ ወዲያው ያዝናል። ጊታሪስቱ ምንም አልለወጠም። የለወጠው ቤዙ ነው። አድማጩ ስሜቱ ሲቀየር ይሰማዋል እንጂ ማን እንደቀየረው አያውቅም።

ካሮል ኬይን ውሰዱ። በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ጊታር እየመታች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ነበረች። በ1963 አንድ ቀረጻ ላይ ቤዝ የሚመታው ሰው ቀረ። ያዢው አሏት፤ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ቤዙ እጇ ላይ ቀረ። ቢች ቦይስ በ1966 ባወጡት «ፔት ሳውንድስ» ላይ የእሷ ቤዝ አለ። የቡድኑ ብራያን ዊልሰን ራሱ ቤዝ ተጫዋች ሆኖ ሳለ እሷን ነው የጠራት። የአልበሙ ሽፋን ላይ ዘፋኞቹ ፍየሎች ሲመግቡ ይታያሉ። የእሷ ስም ግን አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ የስቱዲዮ ሙዚቀኛ ስም ብዙም አይጻፍም ነበር። በ2025 የዝና አዳራሹ ሲመርጣት፣ ዕድሜዋ 90 ደርሶ፣ አልቀበልም አለች። ሽልማቱ የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን የጋራ ሥራ አያሳይም ብላ ነው። እኔ እውነቷን ነው እላለሁ።

የማንቸስተሩ የዘ ስሚዝስ ቤዝ ተጫዋች አንዲ ሩርክም አለ። በ1985 የወጣውን «ባርባሪዝም ቢጊንስ አት ሆም»ን ስሙ። ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ዘፈን ተሸክሞ የሚሄደው የእሱ ቤዝ ነው። ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ግን ገንዘብ ቸግሮት በ1989 በ83,000 ፓውንድና ከባንዱ ገቢ በ10 በመቶ ድርሻ ተስማማ፤ ሌላ ጥያቄ ላያነሳ ፈረመ። ድራመሩ ፍርድ ቤት ገፍቶበት በ1996 25 በመቶ ተፈረደለት። ሩርክ በ2023 በ59 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ እኔንም ደርሶኛል። አንድ ካሴት ላይ ስምንት ዘፈን ቤዝ ተጫወትኩ። ሲታተም የፎቶ አንሺው ስም አለ፣ ሽፋኑን የሠራው ሰው ስም አለ፣ የእኔ የለም። አሳታሚውን ስጠይቅ ቦታ ጠበበን አለኝ። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ሽፋኑን አወጣችና በእስክሪብቶ «ቤዝ፦ አባዬ» ብላ ጻፈችበት። እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

እኛ ሀገር ሮክ ሲነሳ ጃኖ ባንድ ይጠራል። የ«ኤርታሌ» አልበማቸው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው። በ2001 የወጣው የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) አልበምም የእሱ እጅ አለበት። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ስንት ይሆን?

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ስለ ባንድ ስትጽፉ የቤዝ ተጫዋቹን ስም አስገቡ። ለአሁኑ ደግሞ ማስተካከያውን በአንድ መስመር አውጡልኝ፦ የ«ብላክ ዶግ» ሪፍ የጆን ፖል ጆንስ ነው። ሰኞ ማታ የማስተምራቸው አራት ልጆች አሉኝ። ጋዜጣውን ቆርጬ ግድግዳው ላይ፣ ከአምፕሊፋየሩ በላይ እለጥፍላቸዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቀበና፣ አዲስ አበባ