ውሃም አቧራም የሚመጥጠውን ማሽን ከመግዛትህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? የእማማስ ጉልበት እንዴት ሆነ? እንዲህ ተጠፋፍተን ኖረን መልእክትህ ሲደርሰኝ ድምፅህን የሰማሁ ያህል ደስ አለኝ። የሆዴን በሌላ ቀን አጫውትሃለሁ፤ ዛሬ ገንዘቡ ከኪስህ ሳይወጣ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ።

ለቧንቧ ሥራ የሚሆነውን ቫኪዩም ከዚህ ከሜሪላንድ ገዝቼ እንድልክልህ ፈልገሃል። አልልክልህም፤ ሰስቼብህ ግን አይደለም። እዚህ የሚሸጠው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የአዲስ አበባ መብራት ደግሞ 220 ነው። እንደ ሰካኸው ሞተሩ ይቃጠላል። ከ1,000 ዋት በላይ ለሚስብ ማሽን የሚሆን ትራንስፎርመርም ራሱን የቻለ ሸክምና ወጪ ነው። እዚያው ፈልግ፤ አለዚያም ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያምጣልህ፤ የእነሱ መብራት ከእኛው ጋር ይስማማል። የዱባዩን መሰኪያ ብቻ ታስቀይራለህ።

ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወራ አትስማው። እዚህ ካርቶኑ ላይ 6 የፈረስ ጉልበት ብለው ይጽፋሉ። ከአንድ የቤት ሶኬት በ120 ቮልትና በ15 አምፔር የሚገኘው ግን 1,800 ዋት ነው፤ ይህም ሁለት ተኩል የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። አንተ የመምጠጥ ኃይሉ የሚለካበትን ኪሎፓስካሉን ጠይቅ። አንዱ ኪሎፓስካል ውሃን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሣል፣ 20 የተጻፈበት ሁለት ሜትር ገደማ ያነሣል ማለት ነው። የተደፈነ ፍሳሽ የሚከፍትልህ ይህ አቅም ነው።

ላቫንዲኖው ሲደፈን የተኛውን ውሃ አስቀድመህ ምጠጠው። ከዚያ ከላይ በኩል ያለችውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ወትፋት፤ ክፍት ከተወሃት ማሽኑ በእርሷ በኩል አየር ሲስብ ይውላል እንጂ የተቀረቀረውን አይነካውም። የቱቦውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለህ የፍሳሹ አፍ ላይ ጥብቅ አድርገህ ተጫን። አየሩ ሲታፈን የሞተሩ ድምፅ ይቀጥናል። ትንሽ ቆይቶ በድንገት ጎርነን ካለ ፀጉሩና የረጋው ሳሙና ተነቅሏል፤ ባልዲው ውስጥ ዷ ብሎ ሲወድቅ ትሰማዋለህ። ስትጨርስ ውሃ አፍስስበት፤ ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ጠማማ ቧንቧ፣ ሲፎኑ፣ ደረቅ ከቀረ የፍሳሹ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። የመክፈቻ ኬሚካል ያፈሰስክበትን ግን አደራ አትምጠጠው፤ ዓይንህ ላይ ሊረጭ ይችላል።

ያየኸው ባለ 60 ሊትሩ አልተመቸኝም። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ማን ተሸክሞ ያወርደዋል? ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ፣ ከሥሩ የውሃ ማፍሰሻ ያለው፣ ቱቦው ሰፋ ያለ ይበቃሃል። ቀጭን ቱቦ በራሱ ይደፈናል። ሱቅ ውስጥ ክዳኑን አስከፍተህ ተንሳፋፊውን እይ፤ ባልዲው ሲሞላ ከውሃው ጋር ተነሥቶ መሳቢያውን የሚዘጋው፣ ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚጠብቀው እርሱ ነው። በጣትህ ስታነሣው ካልተንቀሳቀሰ ተወው። ለውሃ ሥራ የወረቀቱን ፊልተር አውጥተህ ስፖንጁን ማድረግንም አትርሳ።

የቤቱን መስመር ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ልትቀይር መሆኑን ስትነግረኝ ይበልጥ የታየኝ ጥቅም ሌላ ነው። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ገደማ ነው የሚበየደው፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ውሃ እንኳ ካለ መጋጠሚያው በደንብ አይያያዝም፣ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ማንጠባጠብ ይጀምራል። መቆጣጠሪያውን ዘግተህም መስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ቶሎ አያልቅም። ማሽኑን የቧንቧው አፍ ላይ ደግነህ ባዶ አድርገው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ከዚያ ይበየድ። የሽንት ቤት መቀመጫ ስታስነሣም እንደዚሁ፣ ገንዳው ውስጥ የቀረውን ምጠጥና ሴራሚኩ ሳይበላሽ ይነሣል።

የሮቶውን ደለል በዚሁ ለማውጣት ማሰብህ ግን አሳስቦኛል። ፍሳሽ የገባ ቱቦ የምትጠጡት ውሃ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ቢታጠብም እኔ አላምነውም። ለሮቶው በባልዲና በንጹሕ ጨርቅ ቀጥሉ።

ሱቅ ስትሄድ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ቮልቱንና ኪሎፓስካሉን አይቼ እስክመልስልህ ድረስ ቀብድ እንኳ አትስጥ።

ወንድምህ