የሌሊቱ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አእምሮ ሕሙማን ማዕከላት ስትጽፉ ሁሌም አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ እርዳታ ተጠየቀ፣ ወይ ለጋሽ ተመሰገነ የሚል ነው። ሁለቱም ይገባል። እዚያ ውስጥ ሰው ያለን ቤተሰቦች ግን ማታ ጋደም ስንል የምናስበው ሌላ ነው። ሰዎቻችን ደህና ያድሩ ይሆን? ደህና ማደራቸውንስ ማነው ገብቶ የሚያይልን?

ታላቅ ወንድሜ 43 ዓመቱ ነው። የታመመው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ነው። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉን። ሰፈሩ የራሱን ስም አወጣለት። እናታችን በሕይወት እያለች ቤት ውስጥ ነበር። ሸንኮራ ዮሐንስ ወስዳው ሁለት ሱባኤ አብራው ቆይታለች። አማኑኤል ሆስፒታልም ካርዱን ይዛ ስንት ዓመት ተመላልሳለች። እሷ ካረፈች በኋላ አቃተን። እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ የምኖረው በኪራይ ነው። አከራዬ "ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂልኝ" አለችኝ። በየወሩ እየከፈልን ማዕከል ያስገባነው እንዲህ ሆኖ ነው። ዛሬም ድረስ ያንን ቀን ሳስታውስ ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መድኃኒት ላደርስለት ሄድኩ። ቀን መሄድ ነበረብኝ፣ ሥራ ያዘኝ። ስደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። መብራት ጠፍቷል። የወንዶቹ መኝታ ክፍል ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ውስጥ 14 ሰዎች አሉ። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ደግሞ ራቱን ሊበላ ወጥቷል። በመስኮቱ ፍርግርግ ወደ ውስጥ ሳይ አንዱ አልጋ ራስጌ ላይ ሻማ በርቷል። የፕላስቲክ ክዳን ላይ ነው ያቆሙት። እዚያው አጠገቡ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ወንድሜ ድምፄን ሲሰማ መጣና ጣቶቹን በፍርግርጉ አወጣልኝ። ይዤው ቆምኩ። ዘበኛው እስኪመጣ 25 ደቂቃ ፈጀ። 25 ደቂቃ ሙሉ ዓይኔን ከሻማዋ ላይ አልነቀልኩም።

በማግስቱ ኃላፊውን አነጋገርኳቸው። "ካልቆለፍን ይጠፋሉ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኔም ወንድም አንዴ ጠፍቶ በአራተኛው ቀን ነው ያገኘነው። በሩ ይከፈት አላልኩም። ቁልፉ አብሯቸው በሚያድር፣ እንቅልፍ በሌለው ሰው እጅ ይሁን ነው ያልኩት።

ሥጋቴ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ህንድ ውስጥ ታሚል ናዱ በሚባለው ግዛት ኤርዋዲ የምትባል መንደር አለች። የአንድ የሙስሊም ቅዱስ መቃብር ስላለባት ሕሙማን ለፈውስ ይወሰዱባታል። እዚያም የተባረከ ውኃ አለ፤ ፀበል ለምናውቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በመቃብሩ ዙሪያ ሕሙማን የሚቀመጡባቸው ቤቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2001 በአንደኛው ቤት እሳት ተነሳ። ሰዎቹ በሰንሰለት ታስረው ነበር። 28 ሰዎች ሞቱ። ይህንን ያነበብኩት ከዚያ ማታ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ማዕከል ስገባ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው።

በር ቢያንስ በዓይን ይታያል። መድኃኒት ግን ተደብቆ ነው የሚጎዳው። አንድ እሁድ ስሄድ ወንድሜ ሻይ መያዝ አቅቶታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አገጩ ደርቋል፣ ለሃጩ ይወርዳል። "ሕመሙ ባሰበት" አሉኝ። ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ "አርቴኑን እየወሰደ ነው?" አርቴን፣ ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚያመጣውን መገታተርና መንቀጥቀጥ ለማስታገስ የሚሰጥ ክኒን ነው። ተመልሼ መዝገባቸውን አሳዩኝ አልኩ። የወሩ ቀናት በሙሉ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ገና ያልመጣው ረቡዕ ሳይቀር ምልክት አለበት! ክኒኑ ካለቀ ግን ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ማንም ሊጎዳው ፈልጎ አይደለም። ነርሷ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ በቀሩት ቀናት ክኒን የሚያድለው ያገኘ ሰው ነው።

ሌላም አለ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው "ደረቴን አመመኝ" ሲል የሚያምነው የለም። ሳል ከሆነ ብርድ ነው ይባላል። ከሳ ከተባለ ምግብ እምቢ ብሎ ነው ይባላል። ቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ነው። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ ወደ 30 ዓመት ቀድመው ነው የሚሞቱት። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ይታከም የነበረ ነገር። አልጋ ከአልጋ በተጣበቀበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ቲቢ ቢይዘው የሚሆነውን አስቡት። ወንድሜ እዚያ በኖረባቸው ዓመታት የደም ግፊቱን የለካው አንድም ሰው የለም። እኔው ነኝ ይዤው እየወጣሁ የማስለካው።

ሠራተኞቹን ለመውቀስ ብዕር አላነሳሁም። አንዲት ተንከባካቢ አለች፣ ወጣት ናት፣ ወንድሜን "ጋሼ" ነው የምትለው። ጥፍሩን ትቆርጥለታለች። ማታ ማታ 38 ሰው ላይ ብቻዋን ናት። አንድ ቀን ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ። "እትዬ፣ ሲናደዱ ምን እንደማደርግ ማንም አላሳየኝም" አለችኝ። ሰውን ሳይጎዱ ማረጋጋት የሚማሩት ሙያ ነው። ያልተማረ ሰው ሲፈራ ያስራል፣ ይመታል። እሷ እስካሁን አልመታችም። እስከ መቼ ትችለዋለች?

የመቄዶንያን መፈክር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው"። በጣም እወደዋለሁ። ስንቱን ከጎዳና ያነሳ ቃል ነው። (ወንድሜ ያለው እዚያ አይደለም፤ የተናገርኩት ሁሉ ስለሌላ ቤት ነው።) ሰውን ከወደቀበት ለማንሳት በእርግጥም ሰው መሆን ይበቃል። ያንኑ ሰው 20 ዓመት በጤና ለማኖር ግን ነርስ፣ ትክክለኛ መዝገብና የሚከፈት በር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጥቶ የሚያይ የውጭ ሰው።

የሚያይ ሳይኖር የሚሆነውን ደቡብ አፍሪካ አይታዋለች። የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ጤና ቢሮ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከሚባል የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ተቋም ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,300 በላይ ሕሙማን ተነስተው በየበጎ አድራጎት ድርጅቱ ተበተኑ። ካርዳቸው ሳይከተላቸው የሄዱ ነበሩ። ወንድሙ የት እንደገባ ለማወቅ ሲንከራተት የከረመ ቤተሰብ ነበር። በመጨረሻ 144 ሰዎች ሞቱ። በረሃብና በውኃ ጥም የሞቱ አሉበት። የአገሪቱ የጤና እንባ ጠባቂ በ2017 ሪፖርቱን ሲያወጣ 27ቱ ድርጅቶች የያዙት ፈቃድ ሕጋዊ እንዳልነበረ ገለጸ። ፈቃዱን የሰጠው ግን ያው ጤና ቢሮው ነው። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ አልጋውን፣ ማድቤቱን፣ ነርሷን ያረጋገጠ ግን የለም።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። አንቀጽ 16 ለእነሱ የተዘጋጁ ተቋማት በሙሉ በገለልተኛ አካል ክትትል ይደረግባቸው ይላል። የምጠይቀው ይህ ቃል በተግባር እንዲውል ነው። የሚመጣው ሰው ቀድሞ ደውሎ አይምጣ። ቢሆንለት ማታ ይምጣ። ክኒኑን ቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። ሽንት ቤቱን ይይ። ኃላፊው ሳይኖሩ ነዋሪዎቹን ያነጋግር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኳሊቲራይትስ የሚባል መመዘኛ ለጉብኝት ከሚሄዱት ሰዎች መካከል ራሳቸው በሕመሙ ያለፉና ቤተሰቦቻቸው ይኑሩበት ይላል። ሕመሙን ያየ ሰው የት የት መመልከት እንዳለበት ያውቃል። ጉድለት ሲገኝም ቤቱን ማሸግ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ታሸገ ማለት እነዚያ 38 ሰዎች ጎዳና ወጡ ማለት ነው። ቀን ተቆርጦ ይስተካከል፣ ነርስ ይመደብለት፣ ከዚያ ተመልሶ ይታይ።

ከዚያ ማታ በኋላ ስድስት ቤተሰቦች አዋጥተን ሁለት ቁልፍ አስቀረጽን። አንዱ አሁን ማታ የምታድረው ልጅ አንገት ላይ ነው። ባትሪም ገዛንላቸው፣ ሻማው ቀረ። ይህን ያደረግነው እኛ መጥተን ስላየን ነው። ከወንድሜ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ሰው ጠያቂ መጥቶለት አያውቅም። እኔ ስገባ "የኔ ሰው መጣ?" ብሎ ይጠይቀኛል።

ጋዜጠኛ ብትልኩ ደስ ይለኛል። የጥየቃ ሰዓቱ እሁድ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በሩ ላይ እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት እህት
ከአዲስ አበባ