የክረምት የወፍ ጉዞ ወደ ባቱ

ሰኔ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ለ5ኛ እና 6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች

እንደምን ሰነበታችሁ?

ክረምቱ ልጆቹን ቤት ሳይዘጋባቸው አንድ ቀን ይዘናቸው ልንወጣ ነው። ቅዳሜ ሐምሌ 11 ባቱ ወርደን ደምበል ሐይቅ ዳር በእግር እየዞርን ወፍ እናያለን። ዝዋይ ማለት ለለመድን ያው ዝዋይ ነው። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል። የአራት ኪሎን ዝናብ ሰበብ አድርጋችሁ እንዳታረፍዱብን፣ አደራ።

ጥፋቴን ልናገር። አምና የወፍ ስም ዝርዝር አድለን “ያያችሁት ላይ ራይት አድርጉ” አልናቸው። ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ፣ ከጓደኛው እየኮረጀ፣ ሃያ ወፍ “አየ”። ሻላዋ ዓሣ ስትውጥ ያያት ግን እስክሪብቶ የጠፋበት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ወረቀት የለም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ወፍ መርጦ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ ያያል።

የሚታይ ሞልቷል። አስጋሪዎቹ ቆሮሶ ሲበልቱ አባ ኮዳዎቹ፣ ለእርቅ እንደተጠሩ ሽማግሌዎች፣ ዙሪያውን ቆመው የዓሣውን ሆድዕቃ ይጠብቃሉ። እግራቸው ነጭ ይመስላል እንጂ መልኩ ጠቆር ያለ ነው። ሙቀት ሲበዛባቸው ለመብረድ ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ይለቁበታል። (እራት ላይ ይህን ወሬ ብትሰሙ ጥፋቱ የኛ ነው።) ጃካና የሚባል ቡናማ ወፍም አለ። ጣቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ይራመዳል። እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው አባትየው ነው፤ እናትየው ሌላ ባል ፍለጋ ትሄዳለች። ይህን ለልጆቹ እንዴት እንደምናስረዳ እኔና መምህራኑ ገና አልተስማማንም።

እግር ውሃ ውስጥ መንከር ፈጽሞ ክልክል ነው። ዳር ዳሩን ያለው ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ ያስተላልፋል። ጉማሬም ስላለ ፊላ ውስጥ አንገባም። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ሲመሽ ነውና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለመመለስ እንነሳለን።

ምሳ፣ ውሃ፣ ኮፍያና ሸራ ጫማ ይያዙ። ጠዋት ስለሚበርድ ሹራብ ይደርቡ፤ ባቱ ሲደርሱ ያወልቁታል። ደማቅ ቀይ ልብስ ይቅር፣ ወፎቹን ያስበረግጋል። አቅራቢ መነጽር ቤቱ ያለው ቢያውሰን ደስ ይለናል።

ቅጹን ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ሐምሌ 3 ለቢሮ መልሱልን። አብሮን የሚሄድ ሁለት ወላጅም እንፈልጋለን፤ ሻይ በእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር