ለልጄ፦ በራዳሩ ስክሪን ላይ ስለተቀባው ቀለም

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው እሑድ ስትደውዪ፣ ከመሣሪያዎቹ የሚመጣውን መረጃ «ማጽዳት»፣ ማለትም የማይፈለገውን ለይቶ መጣል፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጥ ቀላል ሥራ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር። ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ።

በወጣትነቴ በአየር ኃይል ራዳር ክፍል ስሠራ፣ ከትልቅ የመስተዋት ሰሌዳ ጀርባ ቆሜ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚነገረኝን የአውሮፕላን ቦታ በሰም እርሳስ እጽፍ ነበር። አለቆቼ ከፊት ሆነው እንዲያነቡት ቁጥሩን ሁሉ ገልብጬ መጻፍ ነበረብኝ። ተመልካቹ አይቶ፣ በስልክ ተናግሮ፣ እኔም ሰምቼ እስክጽፍ ድረስ አውሮፕላኑ ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል። አንድ ቀን ሁለት አውሮፕላኖች ሲተላለፉ ምልክታቸውን አቀያይሬ ጻፍኩ፤ ስህተቱ እስኪታወቅ የቆየሁበት ጭንቀት ዛሬም አይረሳኝም።

አሜሪካውያንን ወደ ኮምፒዩተር የወሰዳቸው ይኸው ችግር ነበር። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1949 የአቶም ቦምብ ከሞከረች በኋላ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን በምድር ጉብታ ተከልሎ እንዳያመልጥ ብዙ ትንንሽ ራዳሮች ማቆም አስፈለገ፤ ራዳር በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚነገረውና የሚጻፈው ከሰው አቅም በላይ ይሆናል። ጉዳዩን እንዲያጠና የተመደበው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጆርጅ ቫሊ መፍትሔውን ያገኘው እዚያው በሚያስተምርበት በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው፤ ጄይ ፎሬስተርና ሮበርት ኤቨረት ለባሕር ኃይሉ የበረራ ማሠልጠኛ ተብሎ የተጀመረውን፣ ወጪው ግን እየከበደ የመጣውን ዊርልዊንድ የተባለ ኮምፒዩተር እየሠሩ ነበር። በዚያው በማሳቹሴትስ ካለው ከቤድፎርድ ራዳር የሚመጣው መረጃ በስልክ መስመር፣ ተቋሙ በሚገኝበት በኬምብሪጅ ከተማ ወዳለው ወደዚህ ኮምፒዩተር እንዲገባ ተደረገ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1951 ኮምፒዩተሩ ባሰላው አቅጣጫ የተመራ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ኢላማ ሆኖ ወደሚበረው አውሮፕላን 900 ሜትር ገደማ እስኪቀር ድረስ ደረሰ፤ ይህም በሦስት ሙከራዎች ተሳካ። እኔ በእርሳስ ስከተለው ያመልጠኝ የነበረውን፣ ያ ማሽን ገና ከመነሻው ይደርስበት ነበር ማለት ነው።

ማሽኑ ግን አይታመንም ነበር። መረጃ የሚይዝባቸው ቲዩቦች (አየር የወጣላቸው የመስተዋት ቱቦዎች) በአማካይ በየ2 ሰዓቱ ስህተት ያመጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች ሲተኩ ግን ብልሽቱ በ2 ሳምንት አንዴ ሆነ።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ ልምጣ። ራዳር አውሮፕላን ብቻ አያይም፤ ኮረብታው፣ ሕንፃው፣ ዝናብ የያዘው ደመና ሁሉ የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ ይመልሱለታል። ይህ ሁሉ ቢላክ የስልኩ መስመርም ኮምፒዩተሩም አይችሉትም። ስለዚህ የራዳሩ ምስል እንደ ጠረጴዛ በተጋደመ ስክሪን ላይ እንዲታይ አድርገው፣ ከበላዩ ፎቶሴል የተባለ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ሰቀሉ፤ ፎቶሴሉ ነጥብ ሲበራ ባየ ቁጥር ምልክት ይልካል። ቴክኒሻኑ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከቦታው የማይነቃነቀውን ነጸብራቅ ፎቶሴሉ እንዳያየው በብሩሽ ቀለም እየቀባ ይሸፍነዋል። ደመናው ሲንቀሳቀስ የቀባውን ይጠርጋል፣ ሌላውን ይቀባል።

እስቲ አስቢው ልጄ! ያን ሁሉ ሺህ ቲዩብ የተሸከመው ማሽን ሰማዩን የሚያየው አንድ ሰው በብሩሹ በተወለት ቦታ ብቻ ነበር። በቀለሙ ሥር የሚያልፍ አውሮፕላን ለኮምፒዩተሩ የለም፤ ስሌቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ያልደረሰውን ነጥብ አያሰላም። ከዚህ ሙከራ ያደገው ሴጅ የተባለው የአሜሪካ የአየር መከላከያ መረብ እ.ኤ.አ. በ1958 በኒው ጀርሲ የመጀመሪያውን ማዕከል ሲከፍት፣ አንዱ ኮምፒዩተር ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ሁለት ሁለት አድርገው ተከሉ። ብሩሽ የያዘው ሰው የሸፈነውን ግን ሁለተኛው ኮምፒዩተርም አያየውም። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ከባዱ የእርሱ ነበር፤ ለዚህም ነው «ቀላል» ያልሽው ቃል ያሳሰበኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ስትደውዪ፣ እናንተ ያጸዳችሁት መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ከተጣለ በኋላ ማን መልሶ እንደሚያየው፣ ደመናውስ ሲንቀሳቀስ ቀለሙን የሚጠርገው ማን እንደሆነ ጠይቀሽ ንገሪኝ።

አባትሽ